ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፦ ከአገረ ገዥነት እስከ አምባሳደርነት

 በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

እንደሚታወቀው በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል የቆየ አባባል አለ። ይህ አባባል ቀልድ ቢመስልም ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ በትልቁ መንግሥት ብቻ ሳይሆን በእኛ በትንንሾቹ ማኅበራት ውስጥም ጭምር። እኔም በልማት ጣቢያ ሠራተኝነቴ ያየሁትን አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

በትየርኪዲ አካባቢ ከሚገኙ መሠረታዊ ማኅበራት በአንዱ የሥራ አመራር ኮሚቴው ዘመኑን ጨርሶ አዲስ ኮሚቴ ተመረጠ። ሆኖም የቀድሞው ሊቀመንበር ማኅተሙንና የደረሰኝ ጥራዞቹን አላስረክብም አለ። ማኅተም ከሌለ ደብዳቤ አይጻፍም፤ ደብዳቤ ከሌለ ምርጥ ዘር አይወጣም፤ ባንክም ገንዘብ አይሰጥም። ሽማግሌዎች አንድ ወር ሙሉ ሲመላለሱ ዝናቡ ገባ። በመጨረሻ ማኅተሙ ቢመለስም የበቆሎው ዘር የደረሰው አብዛኛው ገበሬ ከጎተራው የተረፈውን የአካባቢ ዘር ከዘራ በኋላ ነበር። በዚያ ወቅት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ አንድ አዛውንት አባል ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ሰው ሹመቱን ከለቀቀ በኋላ ምን ይሆናል? እነዚህ ሰዎች የሚሞቱ ይመስላቸዋል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፣ አይሞቱም» ከማለት በስተቀር የረባ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ መልስ ስፈልግ ያገኘሁት የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ታሪክ ነው።

«የጎጃም ገዥ የነበሩ መስፍን ከእኛ ከባሮ ዳር ሰዎች ጋር ምን ያገናኛቸዋል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ታሪኩ ወደ እኛም ደጃፍ ስለሚመጣ ትንሽ እንድትታገሡኝ እጠይቃለሁ።

ልጅነታቸውና የመጀመሪያ ሹመታቸው

ራስ እምሩ የተወለዱት በ1885 ዓ.ም. ነው። ያደጉት በሐረር፣ በራስ መኮንን ቤት ሲሆን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት ከተፈሪ መኮንን ጋር በዕድሜ የሚለያዩት በጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች አብረው ተማሩ፣ አብረውም አደጉ። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም። ተፈሪ በሥልጣን ከፍ እያሉ ሲሄዱ እምሩም በሐረርና በወሎ የአስተዳደር ሥራ ተሰጣቸው።

በ1924 ዓ.ም. የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከሥልጣን ሲነሱ በቦታቸው የተሾሙት ራስ እምሩ ነበሩ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ራስ ኃይሉ በሀብታቸው ብዛትና በገበሬው ላይ በጣሉት ከባድ ግብር የታወቁ ቢሆኑም የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። የጎጃም መኳንንት ደግሞ ከማዕከል የተላከባቸውን ገዥ በበጎ ዓይን አላዩትም። ስለዚህ ራስ እምሩ ከገበሬው ጋር ለመተዋወቅ እንኳ በቂ ጊዜ ሳያገኙ ጦርነት መጣ።

ጦርነቱና የተከዜ ውሃ

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። ራስ እምሩ ከ20,000 በላይ የሚሆን ጦር ይዘው ከጎጃም ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ገና በመንገድ ላይ ሳሉ የተወሰነው የጎጃም ጦር ከድቶ ተመለሰ። እሳቸው ግን በቀረው ጦር በታኅሣሥ ወር ተከዜን ተሻግረው በደምበጉይና መተላለፊያ ጠላትን ወደ ኋላ መለሱት፤ ትንንሽ ታንኮቹንም ከጥቅም ውጭ አደረጉበት።

ጠላት የመለሰው መልስ ግን ከሰማይ የወረደ መርዝ ነበር። ኢጣሊያ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቫ ስምምነት የፈረመች አገር ነበረች። ራስ እምሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለጠየቋቸው ሰዎች እንደተናገሩት፣ ከአውሮፕላን የወደቁት ነገሮች እንደ ቦምብ አልፈነዱም፤ መሬት ሲነኩ ተሰባብረው ፈሳሽ ረጩ። ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ ወዲያው ይቆስል ነበር። ወደ ወንዙ ወርዶ ውሃ የጠጣውም፣ ሰውም ከብትም፣ ተመረዘ። እኛ ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ውሃ የወረዱ ከብቶቻችን ሳይመለሱ ቢቀሩ ምን እንደሚሰማን እያንዳንዳችን እናውቃለን።

በየካቲት ወር መጨረሻ በሽሬ በተደረገው ውጊያ የራስ እምሩ ጦር በመድፍና በአውሮፕላን ብዛት ተሸነፈ። ሆኖም በሰሜን ግንባር ከነበሩት የጦር አዛዦች መካከል ጠላትን እጅግ ያስቸገሩት እሳቸው እንደነበሩ ራሳቸው የጠላት ጸሐፊዎች መስክረውላቸዋል።

ጎሬ፣ ባሮና ጎጀብ

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ራስ እምሩን እንደራሴያቸው አድርገው ሾሙ። ከሦስት ቀን በኋላ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ገባች። የኢትዮጵያ መንግሥት ተብሎ የቀረው ነገር ሁሉ የተሰበሰበው በምዕራብ፣ በጎሬ ከተማ ነበር። ራስ እምሩም ዓባይን ተሻግረው በወለጋ በኩል ወደ ጎሬ መጡ።

ታሪኩ ወደ ደጃፋችን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጎሬ ለምን ተመረጠች ቢባል ከምክንያቶቹ አንዱ የጋምቤላ ወደብ ነው። ጋምቤላ በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት ለእንግሊዝና ለሱዳን መንግሥት የተከራየች የንግድ ጣቢያ ነበረች። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ከደጋው በበቅሎ እየተጫነ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው፣ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል፣ ኢታንግን አልፈው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ አራግፈውም ቡና ጭነው ይመለሳሉ። በመሆኑም ጎሬ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኝበት በር ባሮ ነበር። በጎሬ የነበሩት መሪዎችም ከዚህ በር እርዳታ ይመጣል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። እርዳታው ግን አልመጣም።

በዚያ ወቅት ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና የተማሩ ሰዎች «ጥቁር አንበሳ» የተባለ የአርበኞች ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሊቀመንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። የማኅበሩ አባላት በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አቃጥለው፣ አንድ የአየር ኃይል ጄኔራልን ጨምሮ መኮንኖቹን ገድለዋል። ራስ እምሩ ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ተባብረው ትግሉን መሩ።

ያም ሆኖ ውጤቱ ሽንፈት ሆነ። ለምን? የጠላት ኃይል መብዛቱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በምዕራብና በደቡብ የነበረው ገበሬ ለብዙ ዓመታት በገባር ሥርዓት ሥር የኖረ ነበር። ከማሳው የሚያገኘውን ለነፍጠኛውና ለባለርስቱ ይከፍል ነበር፤ በራሱ ጉልበትም ለሌላው ቤት ይሠራና እንጨት ይሸከም ነበር። አሁን ደግሞ የተሸነፈ ጦር በአገሩ ሲያልፍ ቀለብ ይጠየቅ ጀመር። መሬቴ የማይለው ገበሬ «አገሬን ላድን» ብሎ እንዲነሳ መጠበቅ ከባድ ነበር። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ሊያመራ ያሰበው የራስ እምሩ ጦር በየቦታው መንገድ ተዘጋበትና ወደ ደቡብ ዞረ።

ጎሬ በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. በጠላት ተያዘች። ራስ እምሩም በጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ። ከእሳቸው ጋር እጃቸውን ከሰጡት የጥቁር አንበሳ ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ በፋሺስቶች ተረሸኑ። እሳቸውን ግን ጠላት በአውሮፕላን ጭኖ ወደ ኢጣሊያ ወሰዳቸው።

ሰባት ዓመት በግዞት

ራስ እምሩ የታሰሩት ፖንዛ በምትባል የሜዲትራኒያን ባሕር ደሴት ነበር። ግዞቱ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ አገር በደስታ ስትጥለቀለቅ፣ እሳቸው አሁንም እዚያው ነበሩ። የታሪክ ነገር ሆኖ በ1935 ዓ.ም. ክረምት ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ በራሱ አገር ሰዎች ሲታሰር ለጥቂት ቀናት የተወሰደው ወደዚያችው ወደ ፖንዛ ደሴት ነበር። አሳሪም ታሳሪም ወንበራቸውን ለቀው አንድ ደሴት ደረሱ። ልዩነቱ፣ አንደኛው ለአገሩ ሲዋጋ ሌላኛው የሰው አገር ሲዘርፍ ወንበሩን ማጣቱ ነው።

ራስ እምሩ በ1936 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሲመለሱ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ጎጃምን መልሼ ልግዛ ብለው አልተጣሉም፤ ለጥቂት ጊዜ በበጌምድር ገዥነት ካገለገሉ በኋላ የአስተዳደርን ሥራ ትተው ሌላ ሙያ ጀመሩ። አዛውንቱ «ከለቀቀ በኋላ ምን ይሆናል?» ብለው ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ዋሽንግተን፦ ከወንበር ተነሱ ሲባሉ

በ1938 ዓ.ም. ገደማ ራስ እምሩ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ሚኒስትር መልእክተኛ ሆነው ሄዱ። በ1941 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ከሌጋሲዮን ወደ ኤምባሲ ሲያድግ እሳቸውም አምባሳደር ተባሉ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ዋና ከተማ ጥቁርና ነጭ በአንድ ምግብ ቤት አይበሉም፣ በአንድ አዳራሽም በእኩልነት አይቀመጡም ነበር።

በመስከረም ወር 1941 ዓ.ም. በዋሽንግተን ኮንስቲትዩሽን አዳራሽ ፕሬዚዳንት ትሩማን ንግግር የሚያደርጉበት የሳይንቲስቶች ጉባኤ ነበር። ራስ እምሩ ተጋብዘው ለዲፕሎማቶች በተዘጋጀው ቦታ ተቀምጠው ሳለ፣ አስተናጋጁ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ከቦታው እንዲነሱ ነገራቸው። ጎጃምን የገዙ፣ በተከዜ ዳር ጦር የመሩ፣ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩ ሰው ከወንበር ተነሱ ተባሉ። ጉዳዩን በትዕቢት አልመለሱትም፤ በዝምታም አላለፉትም። በዲፕሎማሲ ወግ አቤቱታ ቀረበ፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩም በጋዜጦች ተጽፎ የዚያችን አገር የዘር መድልዎ ከሚያሳፍሩ ምሳሌዎች አንዱ ሆነ። እዚህ ላይ የምንማረው ነገር አለ። ሰውየውን ያስከበረው የተቀመጠበት ወንበር አልነበረም፤ ከወንበሩ ሲያስነሱት ያሳየው ጠባይ ነው።

በእሳቸው የዋሽንግተን ዘመን ለእኛ ለግብርና ሰዎች ትልቅ ትርጉም ያለው ሥራ ተጀመረ። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ «ፖይንት ፎር» በተባለው የቴክኒክ ትብብር ፕሮግራም ተስማሙ። ከዚህ ስምምነት የጅማ የግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤትና በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የተቋቋመው የዓለማያ የግብርና ኮሌጅ ተገኙ። በአገራችን የኤክስቴንሽን ሥራ የተጀመረው በዚሁ ኮሌጅ ሥር ሲሆን፣ በ1955 ዓ.ም. ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። ይህ ሁሉ የራስ እምሩ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ሰዎች የደከሙበት ነው። ነገር ግን እኔ ዛሬ በዲፕሎማዬ ተመድቤ ከእናንተ ማሳ ዳር የምቆመው በዚያ ዘመን በተዘረጋው መንገድ ላይ ነው። በጦር ሜዳ ያልተገኘው የውጭ እርዳታ በወዳጅነትና በድርድር ተገኘ ብንል ስህተት አይሆንም።

ኒው ዴልሂ፦ መሬት በስጦታ

ራስ እምሩ በ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሕንድ አምባሳደር ሆነው ሠሩ። ሕንድ ነጻነቷን ካገኘች ገና አሥር ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ትልቁ የአገሪቱ ጥያቄም የመሬትና የገበሬ ጥያቄ ነበር።

በዚያ ጊዜ በሕንድ ሁለት ነገሮች ይካሄዱ ነበር። አንደኛው የቪኖባ ባቬ የመሬት ስጦታ እንቅስቃሴ ነው። የጋንዲ ተከታይ የነበሩት ባቬ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ፖቻምፓሊ በምትባል መንደር ሲደርሱ መሬት አልባ ቤተሰቦች 32 ሄክታር ያህል መሬት ቢያገኙ እንደሚበቃቸው ነገሯቸው። ባቬም «ከእናንተ መካከል የሚሰጥ አለን?» ብለው ሲጠይቁ አንድ ባለመሬት ተነስቶ 40 ሄክታር ያህል ሰጠ። ከዚያ በኋላ ባቬ መላ ሕንድን በእግራቸው እየዞሩ መሬት ለመሬት አልባ ለመኑ። እንቅስቃሴው ድክመት ነበረበት፤ ከተሰጠው መሬት ውስጥ ብዙው ጠፍ ነበር፤ ብዙውም በወረቀት ቀርቶ ለገበሬው አልደረሰም። ሁለተኛው ደግሞ በጉጃራት፣ አናንድ በምትባል ከተማ በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የወተት አምራቾች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። በሁለት የመንደር ማኅበራት፣ በቀን ከ250 ሊትር በማይበልጥ ወተት ተጀምሮ በኋላ በመላው ዓለም የሚታወቀውን አሙልን የፈጠረው ይኸው ዩኒየን ነው። ገበሬዎቹ የተነሱት በነጋዴ ዋጋ መበደላቸው ስላስመረራቸው ነበር።

ራስ እምሩ ከዚያ አገር ምን እንደቀሰሙ የሚናገር ማስረጃ በእጄ ስለሌለ የሌለ ነገር አልጨምርም። የሚታወቀውና በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስማቸውን ልዩ ያደረገው ነገር ግን ይህ ነው፦ ራስ እምሩ የራሳቸውን መሬት ለጭሰኞቻቸው ሰጥተዋል። አዋጅ አላስገደዳቸውም፤ ሠራዊትም ደጃቸው ላይ አልቆመም። በዚያ ዘመን ጭሰኛ ከምርቱ ሲሶውን፣ በብዙ ቦታም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይከፍል ነበር። በመሳፍንቱ ዘንድ መሬት የክብርና የሀብት ምንጭ ነበረች። ስለዚህ ድርጊታቸው ለብዙ እኩዮቻቸው እንግዳ ነገር ሆኖ ነበር፤ በአንዳንዶች ዘንድም «ቀዩ ራስ» አሰኝቷቸዋል።

የታኅሣሥ ግርግርና ከዚያ በኋላ

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሞከሩ። ግርማሜ ራሳቸው የወላይታ ገዥ በነበሩበት ጊዜ ለመሬት አልባ ገበሬዎች መሬት በማደላቸው ከቦታቸው ተነስተው ወደ ጅጅጋ የተዛወሩ ሰው ነበሩ። የግልበጣው መሪዎች በራዲዮ ባስነገሩት አዲስ መንግሥት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው ስማቸው የተጠራው ራስ እምሩ ነበሩ። ሕዝብ የሚያምነው፣ እጁ ያልቆሸሸ ሰው ሲፈለግ የተገኘው የእሳቸው ስም ነበር።

ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ብዙዎች ቢቀጡም ራስ እምሩ አልተቀጡም። በሶቪየት ኅብረትም አገራቸውን በአምባሳደርነት ወክለዋል። በዚያ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በዋሽንግተንም፣ በኒው ዴልሂም፣ በሞስኮም ለመወከል መታመን ለማንም የሚሰጥ ዕድል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችን እናውቃለን። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። የመሬት ማሻሻያ ይደረግ የሚለው ምክር ከቤተ መንግሥቱ ቅርብ ሰዎችም ጭምር ቢቀርብም ሳይሠራበት ዓመታት አለፉ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። የራስ እምሩ ልጅ ልጅ ሚካኤል እምሩ ለጥቂት ሳምንታት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ከቆዩ በኋላ ዘውዱ ወረደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በአዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በአንድ ቀን መላው የባለርስትነት ሥርዓት ፈረሰ። ሌሎች መሬታቸውን በአዋጅ ሲያጡ ራስ እምሩ ግን አስቀድመው በፈቃዳቸው ሰጥተው ነበር። ደርግ ከቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት ብዙዎቹን ሲገድልና ሲያስር፣ ራስ እምሩ ነሐሴ 9 ቀን 1972 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው አረፉ። «ካየሁት ከማስታውሰው» የተሰኘው የሕይወት ታሪካቸውም ከሞታቸው በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታትሞ ለአንባቢ በቅቷል።

ለእኛ ለኅብረት ሥራ ሰዎች

የተከበራችሁ አንባብያን፣ የራስ እምሩን ታሪክ በዚህ በዓል መጽሔት ላይ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጀመሪያ፣ በፈቃድ የተደረገና በግዳጅ የተደረገ ነገር አንድ አይደለም። በደርግ ዘመን ገበሬው ማሳውንና በሬውን አንድ ላይ አድርጎ በአምራቾች ማኅበር እንዲሠራ ተገፍቶ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ እነዚያ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬው በሬውን ፈትቶ ወደ ቤቱ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 የኅብረት ሥራ ማኅበርን በፈቃደኝነት ላይ የቆመ አደረገው። የእኛም ዩኒየን እዚህ የደረሰው ማንም ስላስገደደን አይደለም።

ሁለተኛ፣ መሬቴ የማይል ገበሬ አገሬ ለማለት እንደሚቸገር ጎጀብ ላይ ታይቷል። ማኅበሬ የማይል አባልም ለማኅበሩ አይቆምም። ሒሳቡ ካልተነበበለት፣ የትርፍ ክፍፍሉ ካልደረሰው፣ በጉባኤ ካልተጠየቀ፣ ማኅበሩ የእሱ አይደለም። በትየርኪዲ ዙሪያ ያለነው ደግሞ ይህን ከሌላው በበለጠ ማሰብ አለብን። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ሱዳን ጦርነት የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችን ተቀብለናል። በውሃ፣ በማገዶና በግጦሽ ላይ ቅሬታ እንዳለ የማናውቅ የለንም። ይህን ነገር በጉልበት የሚፈታ የለም፤ ቁጭ ብሎ በመነጋገር ነው የሚፈታው። ጦር መርቶ ያልሆነለት ሰው ተነጋግሮ እንዲሆንለት ማድረጉን ከዚህ ታሪክ አይተናል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የማኅተሙ ጉዳይ ነው። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የሥራ አመራር ኮሚቴ አባል የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት እንዲሆንና ከሁለት ተከታታይ ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ደንግጎ ነበር። ሕጉ ይህን ያለው መሪ መጥፎ ነው ብሎ ሳይሆን ወንበሩ የማኅበሩ ስለሆነ ነው። ሊቀመንበር የነበረ ሰው ከለቀቀ በኋላ የቁጥጥር ኮሚቴ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ በዩኒየኑ ጉባኤ ማኅበሩን ሊወክል ይችላል፤ በሁለት መንደር መካከል ሽማግሌ ሆኖ ሊያስታርቅ ይችላል። ገዥ የነበረ ሰው አገሩን በሦስት ዋና ከተሞች ከወከለ፣ የማኅበር ሊቀመንበር የነበረ ሰው ማኅበሩን በሌላ ቦታ ቢያገለግል ምን ያሳፍረዋል?

በቅርቡ እኚያን አዛውንት አግኝቻቸው ይህን ታሪክ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «ታዲያ መሬቱን የሰጣቸው ገበሬዎች ልጆች ስሙን ያውቁታል?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፣ ያውቁታል ብዬ አስባለሁ» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «እንግዲያው አልተሻረም» ብለው ወደ ማሳቸው ሄዱ።

እንግዲህ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል ለልጆቻችን ከማስተላለፋችን በፊት ደግመን እናስብበት። ራስ እምሩ ሲሾሙ አልበሉም፤ ያላቸውንም ሰጡ። ሲሻሩም አልተቆጩም፤ ሌላ ሥራ ሠሩ። በዚህ የበዓል ዓመት የሥራ ዘመናቸው የሚያበቃ የኮሚቴ አባላት ሁሉ ማኅተማቸውን፣ ደረሰኛቸውንና የሒሳብ መዝገባቸውን ዝናብ ሳይገባ በሰላም እንዲያስረክቡ አደራ እላለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራልና መጪው ዘመን የአንድነት፣ የምርትና የሰላም ይሁንልን። ቸር ይግጠመን።